ከ«ቅርብ» እስከ «ቤተኛ»፤ የእንግሊዝኛ የቅርበት ቃላት አፈታትና በክፍል ውስጥ ያላቸው አያያዝ

በእንግሊዝኛ መማሪያዎች ውስጥ ከተዘወተሩት መልመጃዎች አንዱ «ተመሳሳይ ፍች ያላቸውን ቃላት አዛምድ» የሚለው ነው። «ኒር»፣ «ክሎስ»፣ «ፋሚሊያር» እና «ኢንቲመት» የሚሉት ቃላት በተከታታይ ሲሰለፉ ተማሪው አራቱንም በደብተሩ ጠርዝ «ቅርብ» ብሎ ይፈታቸዋል። መልሱም ትክክል ተብሎ ይታረምለታል። ጉዳቱ የሚታየው በዚያው ቀን ሳይሆን ከወራት በኋላ ነው። ያው ተማሪ ስለሚያከብራቸው መምህሩ ድርሰት እንዲጽፍ ታዝዞ፣ «ክሎስ» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ከተጠቀመበት በኋላ ላለመድገም ሲል «አይ አም ቬሪ ኢንቲመት ዊዝ ማይ ቲቸር» ብሎ ቢጽፍ፣ የሰዋስው ስሕተት አልሠራም፤ የፊደል ግድፈትም አይገኝበትም። ሆኖም እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው የሆነ አንባቢ ይህን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ የሚመጣበት አሳብ የመምህርና የተማሪ መከባበር ሳይሆን መምህሩን በሕግ የሚያስጠይቅ ነገር ነው።

ይህን ስሕተት ለተማሪው ስንፍና መስጠት አይገባም። ተማሪው ያደረገው የተማረውን ነው፤ አራቱ ቃላት አንድ ናቸው ተብሎ ተነግሮት ነበርና አንዱን በሌላው ተካ። ይልቁንም ሊመረመር የሚገባው ቃላቱን በአንድ ከረጢት የጨመራቸው የአፈታት ልማድ ነው። ልማዱ የቆመው በሁለት ግምቶች ላይ ነው። አንደኛው፣ የቅርበት ቃላት የሚለያዩት በመጠን ብቻ ነው የሚል ነው፤ በዚህ ግምት «አኩዌይንታንስ» የመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን፣ «ፍሬንድ» መካከለኛው፣ «ኢንቲመት» የመጨረሻው ይሆናል። ሁለተኛው፣ ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል አይታጣለትም የሚል ነው። ሁለቱም ሲፈተኑ አይጸኑም። ቃላቱ የሚለያዩት በመጠን ሳይሆን ቅርበቱ በተመሠረተበት ነገር ነው፤ አንዱ በቦታ ላይ፣ ሌላው በአጥር ላይ፣ ሌላው በቤት ላይ፣ ሌላው በሆድ ላይ ቆሟል። አማርኛም ይህን ልዩነት የሚገልጸው ሁልጊዜ በስምና በቅጽል አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በተውላጠ ስምና በግስ መድረሻ ነው።

ከቀላሉ ለመጀመር፣ «ኒር» የቦታ ቃል ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቃሉ ራሱ ማወዳደሪያ ነበር፤ «ናይ» ቅርብ፣ «ኒር» ይበልጥ ቅርብ፣ «ኔክስት» ከሁሉ የቀረበ ማለት ነበር። ይህ መነሻ ስለ ተረሳ ዛሬ «ኒረር» ሲባል ማወዳደሪያ በማወዳደሪያ ላይ ተደርቧል። «ኔይበር» የሚለውም ይኸው ጥንታዊ «ናይ» ነዋሪ ከሚል ቃል ጋር ተጋጥሞ የተገኘ ነው፤ አማርኛው «ጎረቤት» ደግሞ ከግእዙ «ጎር» እና ከ«ቤት» የተጋጠመ ስለሆነ ሁለቱ ልሳኖች እዚህ ላይ የተራራቀ መንገድ አልሄዱም። ነገር ግን «ኒር» ለወዳጅነት እምብዛም አይነገርም። «ኒር ሬላቲቭ» ይባላል፤ የዝምድና ርቀት በትውልድ ቁጥር ይለካልና። «ኒር ፍሬንድ» ግን የእንግሊዝኛ ጆሮ አይቀበለውም። አማርኛ «የቅርብ ዘመድ» እና «የቅርብ ወዳጅ» ሲል በአንድ ቃል ሁለቱንም ስለሚሸፍን፣ ተማሪው «ኒር ፍሬንድ» ብሎ ሲጽፍ በአማርኛ እያሰበ መጻፉ ነው።

«ክሎስ» የቦታ ቃል ይምሰል እንጂ መነሻው መዝጋት ነው። ቃሉ ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን፣ ዘጋ ማለት የሆነው ግስ «ክሎዝ» እና ቅጽሉ «ክሎስ» በጽሕፈት አንድ፣ በንባብ ሁለት ናቸው። በእንግሊዝ አገር በታላላቅ ካቴድራሎች ዙሪያ ያለው ቅጽር እስከ ዛሬ በዚሁ ቃል ይጠራል፤ የሶልዝበሪ ካቴድራል ቅጽር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እንግዲህ «ክሎስ ፍሬንድ» በመሠረቱ በአጠገብ የቆመ ሳይሆን በቅጽሩ ውስጥ ያለ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላም ውጣ የማይባል ሰው ነው። ይህን ሥር ያወቀ ተማሪ፣ ያው ቃል አየሩ ሲታፈን፣ ምስጢር ሲጠበቅ፣ እጁ የማይፈታ ንፉግ ሲወሳ ለምን እንደሚነገር ያለ ብዙ ድካም ይገባዋል። «ቅርብ» ብሎ ብቻ የያዘው ግን «ዘ ዌዘር ኢዝ ክሎስ» የሚለውን ሲያነብ አየሩ ወደ ማን እንደ ቀረበ ይጠይቃል።

ከአራቱ እጅግ የበለጸገውና በክፍል ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የተጎዳው ቃል «ፋሚሊያር» ነው። የተለመደው ፍች «የታወቀ» ወይም «የተለመደ» የሚል ነው። ፍቹ ሐሰት አይደለም፤ ግን የቃሉን ግማሽ ትቶታል። «ፋሚሊያር» የተወለደው «ፋሚሊያ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ይህም ዛሬ «ፋሚሊ» ሲባል ከሚታሰበው የአባት፣ የእናትና የልጆች ኅብረት የሰፋ ነበር፤ ባሪያውንና አገልጋዩን ጨምሮ በአንድ ጌታ ሥር የሚያድረውን ሁሉ ይጠቀልል ነበር። የቃሉ ሥር «ፋሙሉስ» ራሱ አገልጋይ ማለት ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት ለ«ፋሚሊያር» በመጀመሪያ የሰጠው ፍች የቤት የሆነ፣ ቤተሰብን የሚመለከት የሚል ነው፤ የታወቀ የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አማርኛ ለዚህ የሚስማማ ቃል ካለው ቆይቷል፤ «ቤተኛ» ነው። ቤተኛ የቤቱ ልጅ መሆን የለበትም። ደጅ ሳይጠና የሚገባ፣ ማጀቱ ከየት እንደሆነ የማይጠይቅ፣ ቡና ሲፈላ ሳይጠራ የሚቀመጥ ሰው ነው። እንግሊዝኛው «ፋሚሊያር» ከቤት ወጥቶ ወደ ዕውቀት እንደ ተሻገረ ሁሉ አማርኛውም ለቅኔ ቤተኛ፣ ለገበያ ቤተኛ ወደ ማለት ተሻግሯል። የሁለቱ ቃላት ጉዞ ይህን ያህል ተቀራርቦ ሳለ መምህሩ በሰሌዳው ላይ «የታወቀ» ብሎ ጽፎ የሚያልፍበት ምክንያት አይታይም።

ነገር ግን የቃሉ ባሕርይ የሚለወጠው አብሮት በሚገኘው መስተዋድድና በሚያርፍበት ነገር ስለሆነ፣ «ቤተኛ» ብሎ መፍታትም ብቻውን አይበቃም። «ሂ ኢዝ ፋሚሊያር ዊዝ ዘ ሎው» ሲባል ሰውዬው ሕጉን ያውቀዋል ማለት ነው፤ «ዘ ሎው ኢዝ ፋሚሊያር ቱ ሂም» ሲባል ደግሞ ያው ነገር ከሕጉ ወገን ተነግሯል። አማርኛ ይህን በአሉታ ይገልጸዋል፤ «ለሕጉ እንግዳ አይደለም»፣ «ሕጉ ለእርሱ እንግዳ አይደለም» ይላል። መስተዋድዱ በሁለቱም ላይ «ለ» ስለሆነ ተማሪው የ«ዊዝ»ንና የ«ቱ»ን ልዩነት ከአማርኛው ሊያገኘው አይችልም፤ ለብቻው ሊነገረው ይገባል። ከዚህ የሚከፋው ወጥመድ ደግሞ አለ። «ፋሚሊያር ዊዝ» በነገር ላይ ሲያርፍ ምስጋና ነው፤ በሰው ላይ ሲያርፍ ብዙ ጊዜ ነቀፋ ነው። ለሥራ የሚያመለክት ወጣት የድርጅቱን ሥራ አስኪያጅ እንደሚያውቃቸው ለመግለጽ «አይ አም ፋሚሊያር ዊዝ ዘ ማኔጀር» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው የሚረዳው አመልካቹ ሥራ አስኪያጁን እንደሚዳፈር ወይም በዝምድና እንደሚመካ ነው። «ቱ ፋሚሊያር» ሲባልማ ነገሩ ግልጽ ነው፤ በአማርኛ «ደፈረ»፣ «ልክ አለፈ»፣ «ቤተኛ ልሁን አለ» ከሚለው ጋር ይስተካከላል።

መቀራረብ ንቀትን ይወልዳል የሚለው የእንግሊዝኛ ምሳሌያዊ አነጋገርም ሊነበብ የሚገባው በዚህ ዓይን ነው። አነጋገሩ ጥንታዊ ነው፤ በ14ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው ጄፍሪ ቾሰር መሊቢ በተባለው ተረቱ ውስጥ ይህንኑ አሳብ ሰዎች እንደሚሉት አድርጎ ጠቅሶታል። የሚያስደንቀው ቾሰር የተጠቀመበት ቃል «ፋሚሊያሪቲ» አለመሆኑ ነው፤ «ሆምሊነስ» ነው የሚለው፣ እርሱም «ሆም» ከሚለው ከራሱ ከእንግሊዝኛው የቤት ቃል የወጣ ነው። በዚያው ምዕተ ዓመት የኖረችው የኖሪች ጁሊያን ግን ይህንኑ «ሆምሊ» የሚል ቃል ለእግዚአብሔር ፍቅር ሰጥታዋለች፤ አምላክ ለሰው ቤተኛ እንደሆነ፣ ቤተኛነቱም ከጨዋነት እንደማይለይ አድርጋ ጽፋለች። አንዱ ቃል በአንዱ እጅ ንቀት፣ በሌላው እጅ ጸጋ ሆነ ማለት ነው። ዛሬ «ሆምሊ» በእንግሊዝ አገር ስለ ቤት ሲነገር ሞቅ ያለና ያልተጋነነ ማለት ሲሆን፣ በአሜሪካ ስለ ሰው ሲነገር ግን መልኩ የማያምር ማለት ነው። አሜሪካዊቷን እንግዳውን «ሆምሊ» ብሎ ያመሰገነ አስተርጓሚ የሚገጥመውን ኀፍረት መገመት አያዳግትም።

በዚሁ ቃል ላይ ሁለት ትናንሽ ነገሮች መጨመር ይቻላል። በ1611 እ.ኤ.አ. በወጣው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መናፍስት ጠሪዎች የሚያናግሩት መንፈስ «ፋሚሊያር ስፒሪት» ተብሏል፤ የታወቀ መንፈስ ለማለት ሳይሆን ለጠሪው እንደ ቤት አገልጋይ የሚታዘዝ ለማለት ነው። በስፔን የሃይማኖት መርማሪ ፍርድ ቤት የሚያገለግሉ ምእመናንም «ፋሚሊያር» ይባሉ ነበር። በሁለቱም ላይ የጥንቱ አገልጋይ፣ «ፋሙሉስ»፣ ከቃሉ በስተ ጀርባ ቆሟል።

ስለ «ኢንቲመት» ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቃሉ ከሁሉ ይልቅ ውስጥ ያለ ማለት ከሆነው ከላቲኑ «ኢንቲሙስ» የወጣ ነው። አማርኛ ይህን ውስጥ «ሆድ» ይለዋል፤ ምስጢር የሚያካፍል ሰው ሆዱን ይነግራል፣ የተለያዩ ወዳጆችም ሆድና ጀርባ ይሆናሉ። ስለ ዕውቀት ሲነገር፣ ማለት «ኢንቲመት ኖሌጅ» ሲባል፣ ቃሉ የሚያሰጋ ነገር የለውም፤ ጠልቆ ማወቅ ነው። ስለ ሁለት ሰዎች ሲነገር ግን፣ ይልቁንም «ዊዝ» ሲከተለው፣ በእንግሊዝኛ የጋዜጣና የፍርድ ቤት ቋንቋ የሥጋ ግንኙነትን በጨዋ ቃል ለመሸፈን ከተሠራበት ረጅም ዘመን ሆኖታል። ግሱ ደግሞ በንባብ «ኢንቲሜይት» ሆኖ ፍቹ በዘወርዋራ ማመልከት ነው፤ ከቅጽሉ ጋር ተቀላቅሎ ተማሪዎችን የሚያሳስት ሌላ ነገር ይኸው ነው።

«ፍሬንድ» መውደድን ከሚገልጽ ጥንታዊ ግስ የተገኘ ሲሆን፣ አምሳያው «ፊንድ»፣ ዛሬ ርኩስ መንፈስ ማለት የሆነው፣ በአንጻሩ ከመጥላት የተገኘ ነው። በጄን ኦስተን ልብ ወለዶች ውስጥ የአንዲት ልጃገረድ «ፍሬንድስ» ሲባሉ ብዙ ጊዜ የሚታሰቡት ጓደኞቿ ሳይሆኑ በጋብቻዋ ላይ ቃል ያላቸው ወላጆቿና ዘመዶቿ ናቸው፤ ይህን ያልተረዳ አንባቢ የታሪኩን ክርክር ግማሹን ያጣዋል። «አኩዌይንታንስ» የቅርበት መሰላል የመጀመሪያ እርከን አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሰውዬው ወዳጅ አለመሆኑን ለማመልከት ነው፤ «ከሰላምታ ያለፈ ነገር የለንም» እንደ ማለት ነው። «ኮምፓኒየን» ዳቦ ማለት ከሆነው ከላቲኑ «ፓኒስ» ወጥቶ እንጀራ የሚካፈል ማለት ስለሆነ፣ «ባልንጀራ»ን ባለ እንጀራ ብለው ለሚፈቱ አማርኛ ተናጋሪዎች አዲስ ነገር የለውም። «ጎሲፕ» የሚለው ቃል ታሪክ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ከእንግሊዛዊው ይልቅ የቀለለ ነው። በመጀመሪያ «ጎድሲብ»፣ ማለት በክርስትና የተገኘ ዘመድ፣ በአማርኛ «አበልጅ» የሚባለው ነበር። አበልጆች ሲገናኙ ይጨዋወታሉና ቃሉ ወደ ጨዋታው፣ ከጨዋታው ወደ ሐሜቱ ወረደ። እንግሊዛውያን ሐሜቱን ይዘው ዝምድናውን ረሱት፤ አበልጅነት በኢትዮጵያ እስከ ዛሬ የሚከበር ዝምድና ነው።

እስካሁን የታየው የቃላት ነገር ነው። ትልቁ ልዩነት ግን ያለው መዝገበ ቃላት በማይደርስበት ስፍራ ነው። አማርኛ ተናጋሪ አንድ ሰው ጋ ገና አፉን ሲከፍት «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» ወይም «አንቱ» ከሚሉት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ግስ ምርጫውን ይደግመዋል። እንግሊዝኛ ዛሬ «ዩ» ብቻ ስላለው፣ ተማሪው እንግሊዝኛ ቅርበትንና ርቀትን የማይለይ፣ ሰውን ሁሉ አንተ የሚል ቋንቋ ይመስለዋል። ታሪኩ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። እንግሊዝኛ የጣለው አንተን እንጂ አንቱን አይደለም። «ዩ» የብዙ ቁጥርና የአክብሮት ቃል ነበር፤ «ዛው» ደግሞ ለልጅ፣ ለአገልጋይ፣ ለልብ ወዳጅና ለእግዚአብሔር የሚነገር አንተ ነበር። ኩዌከር የተባሉት ክርስቲያኖች በ17ኛው ምዕተ ዓመት ሰው በአምላክ ፊት እኩል ነው ብለው ለዳኛውም ለባለጸጋውም «ዛው» በማለታቸው ተደብድበዋል። ከጊዜ በኋላ «ዩ» ሁሉን ጠቀለለ፤ «ዛው» በጸሎትና በግጥም ብቻ ስለ ቀረ ዛሬ የሚሰማው እንደ ታላቅ የአክብሮት ቃል ነው።

የአማርኛ ተማሪ በዚህ ረገድ ከእንግሊዛዊው ልጅ የተሻለ መሣሪያ ይዟል። በቤቱ አያቱን አንቱ እያለ አምላኩን አንተ ብሎ ሲጸልይ ያደገ ልጅ፣ ለቅርቡ የሚነገረው ቃል ለልዑሉ እንደሚሆን አስረጂ ሳይሻ ያውቃል። «ዛው»ን በግጥም ውስጥ ሲያገኝ «ይህ አንተ ነው» ቢባል ይበቃዋል። ነገር ግን መምህሩ አብዛኛውን ጊዜ «ዛው የዩ አሮጌ አነጋገር ነው» ብሎ ያልፈዋል።

«ዛው» ከወደቀ በኋላ እንግሊዝኛ የቅርበትን ሚዛን ወደ ስምና ወደ ማዕረግ አዛወረው። ይህን ከየትኛውም የሰዋስው መጽሐፍ ይልቅ የሚያስረዳው የጄን ኦስተን «ኤማ» ነው። መጽሐፉ የወጣው በ1815 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። በታሪኩ ውስጥ አዲስ የመጣችው የቄሱ ሚስት ሚሲዝ ኤልተን፣ የአካባቢው ታላቅ ባለርስት የሆኑትን ሚስተር ናይትሊን ገና ከማየቷ፣ ማዕረጋቸውን ጥላ «ናይትሊ» ብላ ትጠራቸዋለች። ኤማ ይህን ስትሰማ በንዴት ትበግናለች። ብዙ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ይህን ክፍል ሲያነቡ ንዴቱ አይገባቸውም፤ የጠራችው በአባት ስም ነውና ምን አጠፋች ይላሉ። «አቶውን አውጥታ አንተ አለችው» ተብሎ ቢነገራቸው ግን ገጹ ያለ ሌላ ማብራሪያ ይከፈታል። የሚሲዝ ኤልተን ጥፋት ዘመኑ ለልብ ወዳጆች፣ ያውም ለወንዶች፣ የተወውን አጠራር በአንድ ጉብኝት ለራሷ ማድረጓ ነው። «ፋሚሊያር» በክፉ ፍቹ ይህ ነው፤ ኦስተን ቃሉን መተርጎም ሳያስፈልጋት በድርጊት አሳይታዋለች።

የዚሁ መጽሐፍ ፍጻሜ ደግሞ ነገሩን ከሌላው ወገን ያሳያል። ኤማና ናይትሊ ለመጋባት ከተስማሙ በኋላ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚያውቃት ይህ ሰው «ሚስተር ናይትሊ» ማለቷን ትታ በሌላ ስም እንድትጠራው ይጠይቃታል። እርሷ ግን አይሆንላትም፤ «ጆርጅ» የሚለውን ስም የምትጠራው አንድ ጊዜ ብቻ፣ እርሱም በቤተ ክርስቲያን በሥርዓተ ተክሊሉ ላይ እንደሆነ በቀልድ ትናገራለች። ከሁሉ የቀረበችው የራቀውን አጠራር መረጠች። በቀድሞው የባላገር ቤት ባሏን አንቱ የምትል ሚስት ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ስላልሆነች፣ ይህ ክፍል ከብዙ ዘመናዊ እንግሊዛውያን ይልቅ ለእርሱ ቅርብ ነው። የተማሪውን ችግር የሚያበዛው የኢትዮጵያ ስም አሰያየም ነው። «አቶ» የሚቀደመው በራስ ስም ላይ ስለሆነ፣ ተማሪው የውጭ አገሩን ሰው «ሚስተር ጆርጅ» ይለዋል፤ በእንግሊዝኛ ይህ አክብሮትም ቅርበትም ሳይሆን የቤት አገልጋይ ወይም የሕፃን አጠራር ሆኖ ይሰማል።

ደብዳቤ አጻጻፍ ላይ ሲደረስ ነገሩ ይገለበጣል። «ዲር» የሚለው ቃል የተወደደ ማለትም፣ ዋጋው የናረ ማለትም ነው። አማርኛው «ውድ» በሁለቱም ፍች ልክ እንደ እርሱ ስለሆነ ከዚህ የበለጠ የተስማማ ጥንድ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም የፍች መስማማት የአጠቃቀም መስማማት አይደለም። «ዲር ሰር» ፍቅር የለበትም፤ ለማይታወቅ ሰው የሚጻፍ የደብዳቤ መክፈቻ ብቻ ነው። አማርኛ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ የተቀባዩን ስምና «ጉዳዩ» የሚለውን ጽፎ ወደ ነገሩ ይገባል፤ «ውድ» ብሎ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሚጽፍ የለም። በዚህም የተነሣ አንዳንዱ ተማሪ «ዲር» ማለቱን እንደ መለማመጥ ቆጥሮ ይተወዋል፤ በእንግሊዛውያን ዘንድ ደግሞ መተዉ እንደ ብልግና ይቆጠራል። በእንግሊዝ ልማድ «ዲር ሰር» ብሎ የጀመረ «ዩርስ ፌይዝፉሊ»፣ ስም ጠርቶ የጀመረ «ዩርስ ሲንሲርሊ» ብሎ ይዘጋል። ቃላቱ ታማኝነትንና ቅንነትን ያውሩ እንጂ የሚለኩት ጸሐፊው ተቀባዩን በስም ማወቅ አለማወቁን ነው።

ለዚህ ሁሉ የመዝገበ ቃላት ድርሻ ምንድን ነው? በ1973 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች የጠቀሙ ሁለት ሥራዎች ወጥተዋል፤ አንዱ የአምሳሉ አክሊሉና የጂ. ፒ. ሞዝባክ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት፣ ሌላው የቮልፍ ሌስላው በዐውድ ላይ የተመሠረተ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። የሌስላው ሥራ ለእንግሊዝኛው ቃል ዓረፍተ ነገር እየሰጠ አማርኛው እንደ ዐውዱ እንዴት እንደሚለዋወጥ ስለሚያሳይ፣ አንድ ቃል ለአንድ ቃል የሚለውን ግምት ከሥሩ ያናጋዋል። መምህራን ከዚህ ሥራ ሊማሩ የሚገባቸው ከፍቹ ይልቅ መንገዱን ነው። ግን እርሱም ቢሆን የመዝገበ ቃላት ወሰን አለበት፤ ዓረፍተ ነገሩ አለ፣ ተናጋሪውና ሰሚው ግን የሉም። ስለ ቅርበት ቃል ደግሞ ዋናው ጥያቄ ማን ለማን ተናገረው የሚለው ነው። የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችን በዚህ መውቀስ አይገባም። የሚወቀሰው መዝገበ ቃላት ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ለእርሱ የተወ የመማሪያ መጽሐፍ ነው።

በዕቅድ አውጪዎችም ወገን የሚታይ ጉድለት አለ። ማይክል ዌስት በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው አጠቃላይ የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር ወደ 2,000 የሚጠጉ ቃላትን ሲይዝ፣ ለየቃሉ እያንዳንዱ ፍች ምን ያህል ጊዜ እንደሚያገለግል በመቶኛ ለይቶ አስቀምጧል። ሥራውን ያስደነቀው ይህ የፍች ቁጥር ነበር። ነገር ግን ዝርዝሩ ወደ መርሐ ትምህርት ሲሸጋገር የቃላቱ ስም ብቻ ተወስዶ የፍቹ ቁጥር በአብዛኛው ተትቷል፤ ለዚህ ክፍል ይህን ያህል መቶ ቃላት ማለት ለመቁጠር ይቀላልና። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርትም የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል። ከዚያ ወዲህ ያደገ ተማሪ «ፋሚሊያር»ን በፊዚክስ መጽሐፍ መግቢያ ላይ በአንድ ፍች፣ በልብ ወለድ ላይ በሌላ ፍች፣ በማመልከቻ ላይ በሦስተኛ ፍች ያገኘዋል። ቃሉን እንደ አንድ ቆጥሮ ያለፈው መርሐ ትምህርት ግን አስተምሬዋለሁ ይላል።

መልመጃውን መለወጥ ከባድ ወጪ አይጠይቅም። «አዛምድ» በሚለው ፈንታ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይጻፉ፤ አንዱ «ሺ ኢዝ ፋሚሊያር ዊዝ ዘ ቡክስ»፣ ሌላው «ሺ ኢዝ ፋሚሊያር ዊዝ ዘ ዳይሬክተር» ይበል። ከዚያም ተማሪው ሁለቱን በአማርኛ እንዲናገር፣ ዳይሬክተሩ ቢሰሙት የሚቀየሙበት የትኛው እንደሆነና ምክንያቱን እንዲያስረዳ ይጠየቅ። ችግሩ በእርማቱ ላይ ነው። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል የሚያስተምር መምህር 60 ምክንያት ከሚያነብ «ሀ» ወይም «ለ» ላይ ምልክት ቢያደርግ ይቀለዋል፤ ብሔራዊ ፈተናውም የሚጠይቀው ምልክቱን ነው። ፈተናው ከአራት ምርጫዎች ለ«ኢንቲመት» እጅግ የሚቀርበውን ቃል አውጣ እያለ እስከ ቀጠለ ድረስ፣ ልዩነቱን የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹን ነጥብ እያስጣለ እንደሆነ ይሰማዋል።